«ቡናው አብቦ ሳየው ደስ አለኝ፤ ወዲያው አፈርኩ»

ደብዳቤው የመጣው ከጅማ ነው። ረዘም ያለ ስለሆነ ጸሐፊዋን የሚያሳውቀውን ትተን ዋና ዋናውን አቅርበነዋል።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ለሥራ ጅማ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። እናቴ ባለፈው ሰኔ አረፈች። ቀብሬ፣ ሰልስቷን አውጥቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ባለጉዳይ ማስተናገድ ነው። ሰው ፊት ደህና ነኝ። ማታም እንቅልፍ አያስቸግረኝም፤ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ከዚያ እስኪነጋ አንድ ሐሳብ ነው የሚመላለስብኝ፤ ያን ጊዜ ቀደም ብዬ ሐኪም ቤት ብወስዳት ኖሮ! ስምንት ወር ሙሉ ይኸው ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ዕለት አከራዬ በጅሬን በኩል ወዳላት ትንሽ የቡና ማሳ ይዛኝ ሄደች። በፊተኛው ሳምንት ዝናብ ጥሎ ስለነበር ቡናው በሙሉ አብቦ ጠበቀን። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ቡና እንዲህ እንደሚያብብ አላውቅም ነበር። ደርቄ ቀረሁ። ‹እማዬ ብታየው ኖሮ› አልኩ በልቤ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ሳቅሁም። ወዲያው ግን አፈርኩ። እሷ አፈር ውስጥ ሆና እኔ አበባ እያየሁ እስቃለሁ? ሰኞ ዕለት ራሴን ከአበባው ጋር ያነሳሁትን ፎቶ ለሥራ ባልደረባዬ ባሳያት ‹አንቺማ ሐዘንሽን ረስተሽዋል› አለችኝ። እኔ ጥቁሬን እንኳ ገና አላወለቅሁም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ደስ መሰኘቴ እናቴን መርሳት ነው ወይ? ደግሞስ ዛፍና አበባ ማየት እንዲህ ላለ ጭንቀት ምን ይፈይዳል? ቤቴ ከገባሁ በኋላ መልሼ ያው ነኝ።»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የእናትሽንም ነፍስ ይማር።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳላቆይሽ ልመልስልሽ፤ አልረሳሻትም። ላጽናናሽ ብዬ ያልኩት እንዳይመስልሽ፤ የጻፍሽው ራሱ ይመሰክራል። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ሁለት ቃላት ዓይኔን ያዙት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚመላለስብሽ «ብወስዳት ኖሮ» ነው። ቡናው መሐል ቆመሽ ያልሽው ደግሞ «ብታየው ኖሮ» ነው። ሁለቱም የቁጭት ቃል ናቸው። በመጀመሪያው ግን ተከሳሿ አንቺ፣ ምስክሯ አንቺ፣ ፈራጇም አንቺ ነሽ፤ እናትሽ የለችበትም። በሁለተኛው እናትሽ አለች፤ የሚያምር ነገር ስታይ ደስ የሚላት ሴት ሆና አጠገብሽ ቆማለች። ስምንት ወር ሌሊት ሌሊት ስትፈልጊያት ያጣሻትን እናት እዚያ ቡና ሥር ነው ያገኘሻት። ባልደረባሽ ይህን ከየት ታውቀዋለች? ፎቶው ላይ አይታይም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። «ዛፍ ማየት ምን ይፈይዳል» የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ አልፈርድበትምም። ለእኛ ሜዳና ጫካ የሥራ ቦታ ነው፤ እንጨት የሚለቀምበት፣ ውኃ የሚቀዳበት፣ ከብት የሚጠበቅበት። ያለ ጉዳይ ወጥቶ መንገድ ለመንገድ መሄድ የቦዘኔ ሥራ ይመስለናል። ሐዘንተኛ ሲሆንማ ጭራሽ። ስለዚህ አንቺ ላይ የሆነው ነገር ምን እንደሆነ ጠጋ ብለን እንየው።

ከብት የበላውን መልሶ ያመነዥካል፤ አመንዥኮ ግን ይውጠዋል። የተጨነቀ ሰው አእምሮም ያመነዥካል፤ ልዩነቱ መቼም አለመዋጡ ነው። ያው ሐሳብ ይመጣል፣ ይዞራል፣ ሳይፈጭ ይመለሳል። ለድባቴ መንገድ ከሚጠርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ማመንዠክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ግሪጎሪ ብራትማን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አሜሪካ ስታንፎርድ አካባቢ አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። 38 ጤነኛ የከተማ ነዋሪዎችን ለሁለት ከፈለና ግማሾቹ ሣርና ዛፍ ባለበት ስፍራ፣ ግማሾቹ ደግሞ መኪና በሚግተለተልበት አውራ ጎዳና ዳር ለ90 ደቂቃ በእግራቸው እንዲሄዱ አደረገ። ሁለቱም ወገን ተራምዷል። በዛፉ መሐል የሄዱት ሲመለሱ ግን የማመንዠክ ነገሩ ቀለል እንዳለላቸው ተናገሩ። አንጎላቸው በመሣሪያ ሲታይም ሰው አዝኖ ራሱን ሲወቅስ የሚበረታው፣ ከግንባር በስተኋላ ወደ ውስጥ ያለው ክፍል ረገብ ብሎ ተገኘ። ጎዳና ዳር የሄዱት ላይ ይህ አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሰዎቹም እንዳንቺ ሐዘን የደረሰባቸው አልነበሩም፤ ከሚገባው በላይ ላገንነው አልፈልግም። ነገር ግን «እግርሽን አፍታቺ፣ ይወጣልሽ» ከሚለው ምክር በላይ የሆነ ነገር እንዳለ ያሳያል። የምናየው ነገር ራሱ ሥራ ይሠራል።

ምን ዓይነት ሥራ? ባለጉዳይ ስታስተናግጂ የምትጠቀሚበትን ትኩረት አስቢው። ስሙን ስሚ፣ ቁጥሩን መዝግቢ፣ ከኋላ የሚጮኸውን አትስሚ፣ እንዳትሳሳቺ። ይህ በጉልበት የተያዘ ትኩረት ነው፤ እንደ ማንኛውም ጉልበት ያልቃል። ስቴፈንና ሬቸል ካፕላን የሚባሉ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ ሌላ ዓይነት ትኩረት እንዳለ በሰፊው አስረድተዋል፤ ሳትታገዪ የሚይዝሽ። ቅጠል ሲወዛወዝ፣ ውኃ ሲሄድ፣ ደመና ሲበተን ዓይንሽ በራሱ ይከተለዋል። በዚያ ሰዓት የጉልበቱ ትኩረት ያርፋል። ጉልበቱ ያለቀበት ሰው ነው ክፉ ሐሳብ ሲመጣበት «ዞር በል» ማለት የሚያቅተው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንቺ እንደምትሆኚው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 52 ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ለስምንት ሳምንት በየሳምንቱ የ15 ደቂቃ መንገድ እንዲሄዱ አደረገ። ግማሾቹ ዝም ብለው ሄዱ፤ ግማሾቹ የሚያስደንቅ ነገር እየፈለጉ እንዲያዩ ተነገራቸው። ሁሉም በየጉዞው ራሳቸውን ፎቶ ያነሱ ነበር። ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ የሚደነቁት ሰዎች ፎቶ ላይ የሰዎቹ ምስል እያነሰ፣ ዙሪያው እየሰፋ መጣ፤ ፈገግታቸውም ጨመረ። ያንን ባልደረባሽ ያየችውን ፎቶ አውጥተሽ እንደገና ተመልከቺው እስቲ። ከፎቶው ምን ያህሉ አንቺ ነሽ፣ ምን ያህሉ አበባ ነው?

እኔም አንድ ዘመን ጅማ አስተምር ነበር። ወንድሜ የሞተው ያኔ ነው። ከቀብሩ ከተመለስኩ ሁለት ወር ያህል ሆኖኝ ወደ ቦንጋ ስንሄድ በለጠ ጫካ ውስጥ የአውቶቡሱ ጎማ ተነፈሰ። ተሳፋሪው ወርዶ ሲያማርር እኔ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ከራሴ በላይ ጉሬዛዎች ነበሩ። አንዷ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ግልገል ታቅፋለች። ጉሬዛ ስትታይ ጥቁር ናት፤ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ የሚወርደው ነጩ ፀጉር እንደ ካባ ነው፤ የጭራዋም ጫፍ ቄስ እንደሚይዘው ጭራ ነጭና ጎፈሬ ነው። ግልገሉ ግን ሁለመናው ነጭ ነበር፤ ሲወለዱ እንደዚያ ናቸው። ነጭ ጥጥ ጥቁር ደረት ላይ የተለጠፈ ይመስላል። እናቲቱ በጣቶቿ ጆሮውን ስትዳብስ፣ እሱ ፊቱን አዙሮ ወደ እኔ ሲያይ ትዝ ይለኛል። ረዳቱ «እትዬ፣ ይግቡ እንጂ» እስኪለኝ ድረስ ጎማውም፣ ቦንጋም፣ ወንድሜም ትዝ አላሉኝም። አዎ፣ ወንድሜንም ረስቼው ነበር፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ተመልሶ መጣ። በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን በሬሳ ሳጥን ሳይሆን በእግሩ ነበር የመጣው፤ ልጅ ሆነን ስንሮጥ እንደነበረው። ስለዚህ አንቺም አንዳንዴ እናትሽን ለጥቂት ደቂቃ ብትረሺያት አትደንግጪ። ተመልሳ ትመጣለች።

«ቤቴ ከገባሁ በኋላ መልሼ ያው ነኝ» ብለሻል። አንድ ቀን ብቻ ነውና የሄድሽው! ትናንት የበላ ሰው ዛሬም ይርበዋል። በእንግሊዝ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች የተጠየቁበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በሳምንት በድምሩ ቢያንስ 120 ደቂቃ ተፈጥሮ መሐል የሚያሳልፉ ሰዎች ከማያሳልፉት ይልቅ ጤንነት እንደሚሰማቸው አሳይቷል። ጤነኛ የሆነ ሰው ስለሚወጣ ይሁን የሚወጣ ሰው ጤነኛ ስለሚሆን ብቻውን አይለይም፤ ለመነሻ ግን ጥሩ ልክ ነው። ደግሞም ሁለት ሰዓቱ በአንድ ቀን ሆነ በየቀኑ ተቆራርሶ ልዩነት አልነበረውም። በምሳ ሰዓትሽ ሩብ ሰዓት ግቢ ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ብትቀመጪ ይቆጠራል። ስልክሽን ግን ቦርሳሽ ውስጥ ተዪው። ስልክ እያዩ ዛፍ ሥር መቀመጥ ጥላ ያስገኛል እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

ያለሽው ደግሞ ጅማ ነው፤ ይህን ዕድል በዋዛ አትይው። አንቺ ከደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ካለ፣ የገብስ ማሳው ዓይን እስኪደክም ከሚዘረጋበት አገር ነው የመጣሽው። የደጋ ሰው ጅማ ሲመጣ መጀመሪያ ዛፉ ያፍነዋል፤ አድማሱን ይሸፍንበታል። እኔም ሆኖብኝ ያውቃል። አድማስ ሲናፍቅሽ ወደ ጅሬን ኮረብታ ውጪ፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ነው። ቤቱን መጎብኘቱ ይቅር፤ በረንዳው አካባቢ ቆመሽ ከተማዋ ከታች በአረንጓዴ ተከባ ስትታይ ዓይንሽ እሩቅ ሄዶ ያርፋል። ወፍ ማየት ካማረሽ የቦዬ ረግረግ ቅርብ ነው። እዚያ ግን ጉማሬ ስላለ ውኃው ዳር አትጠጊ፤ ማለዳና ምሽት ላይ ደግሞ ጨርሶ አትሂጂ፤ ከአካባቢው ሰው ጋር ሁኚ።

ብቻዋን የምትሄድ ሴት ሁሉም «ወዴት ነው?» እንደሚላት አውቃለሁ፤ ወጣ ገባ ባለ ቦታ ደህንነቱም ያሳስባል። ለዚህ የማውቀው ዘዴ ጉዳይ መያዝ ነው። አከራይሽ ማሳ አላት፤ ማሳ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አያጣም። ማረሙ አለ፣ ደረቅ ቅርንጫፍ መቁረጡ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ አግዣት። እሷ የእጅ እርዳታ ታገኛለች፤ አንቺም በሳሳና በዋንዛ ጥላ ሥር ሦስት ሰዓት ትውያለሽ፤ «ወዴት ነው» ለሚልሽም መልስ አለሽ። ሳትጠይቂያት ይዛሽ የሄደች ሴት ናት፤ እኔ እንደሚመስለኝ ሌሊት መንቃትሽን በግድግዳው በኩል ሰምታ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፣ እንዳትከፊ። ስትመለሺ ያንን አበባ አታገኚውም። የቡና አበባ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ይጠወልግና ቡናማ ሆኖ ይረግፋል፤ ያ የጠምበለል የመሰለ ሽታውም አብሮ ይጠፋል። ጠጋ ብለሽ ስታዪ ግን አበባው በነበረበት አንጓ ላይ የመርፌ ራስ የምታክል አረንጓዴ ነገር አለች። አንድ ቅርንጫፍ ምረጪና ቀይ ክር እሰሪበት። በሄድሽ ቁጥር መጀመሪያ እሱን እይው። ለረጅም ሳምንታት ያላደገ ይመስልሻል። ሰኔ ላይ ሙት ዓመቷን ልታወጪ ደብረ ብርሃን ስትሄጂ ገና አረንጓዴ ነው። ቀይ የሚሆነው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ይህን የምልሽ ሐዘንም እንዲሁ ቀስ እያለ ያልፋል ለማለት አይደለም፤ ሐዘን የራሱ ጊዜ አለው። «የሚያምር ነገር እይ» ተብሎ ብቻ የተላከ ሰው ምን እንደሚያይ ስለማያውቅ፣ አምስት ደቂቃ ቆሞ ወደ ሐሳቡ ስለሚመለስ ነው። አንድ ክር የታሰረበት ቅርንጫፍ ግን ዓይንን ይይዛል።

ክረምት ሲገባ ጅማ እንዴት እንደሚዘንብ ታውቂዋለሽ፤ የማሳው መንገድ ጭቃ ይሆናል። ያን ጊዜ በረንዳ ላይ ወንበር አውጪ። ወይ መስኮትሽን ተጠቀሚ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ ያሳተመው ጥናት አለ። የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሕሙማንን የሆስፒታል መዝገብ አመሳከረ፤ መስኮታቸው ወደ ዛፍ የሚያሳያቸው፣ ወደ ጡብ ግድግዳ ከሚያሳያቸው ይልቅ ቶሎ ወጥተዋል፤ የወሰዱትም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ያነሰ ነበር። 23 ሰው ከ23 ሰው ጋር ነው የተነጻጸረው፤ ብዙ አይደለም፤ ግን አልጋን ወደ መስኮት ማዞር ምን ያስከፍላል? ሌሊት 9 ሰዓት ስትነቂ ጨለማ ቢሆንም ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ፣ ከዚያም ቅጠሉ ላይ ሲወርድ ስሚው፤ ድምፁን ለዪው። ሲነጋጋ ደግሞ መጀመሪያ የምታዪው ግድግዳ አይሁን። በማለዳ የቀን ብርሃን ማየት የእንቅልፍ ሰዓት እንዲስተካከልም ያግዛል።

አሁን ጠንከር ብዬ የምናገረው አለኝ። ቡና ማሳ ሐኪም አይተካም። ስምንት ወር ሙሉ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መንቃትና ራስን መክሰስ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር ነው። የምግብ ፍላጎትሽ ከጠፋ፣ ሥራሽን መሥራት ካቃተሽ፣ ወይም «እኔም በሞትኩ» የሚል ሐሳብ ካለ፣ ዛሬውኑ ለአከራይሽ ንገሪያትና ተያይዛችሁ ሂዱ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ከክልሉ ሩቅ ቦታ ድረስ ሰው ይመጣበታል፤ አንቺ በባጃጅ ትደርሻለሽ። የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ሐኪሙ መድኃኒት ቢሰጥሽም ባይሰጥሽም ቅዳሜውን አትተዪው፤ አብረው ይሄዳሉ።

«ቀደም ብዬ ብወስዳት ኖሮ» የሚለውን ጥያቄም ለአበባ አትተዪለት፤ አበባ አይመልሰውም። እናትሽን ያከመ ሐኪም ካለ ደውለሽ ወይም ሄደሽ ጠይቂው፤ «ቀደም ብትመጣ ልዩነት ነበረው?» በይው። ወንድም እህት ካለሽ አብራችሁ ተነጋገሩበት፤ ምናልባት እነሱም በየቤታቸው በዚያው ሰዓት ይነቁ ይሆናል። ጥያቄው ከአፍሽ ወጥቶ ሌላ ሰው ጆሮ እስካልገባ ድረስ ሌሊቱ የእሱ ነው።

ባልደረባሽን አትቀየሚያት። ጥቁር ለባሽ ስትስቅ ማየት ለሰው ግራ ይገባዋል፤ ያደግንበት ነው። እንደገና ካነሳችብሽ «እናቴን ያስታወስኩበት ቦታ ነው» በያትና ፎቶውን አሳያት።

ቅዳሜ ማለዳ አከራይሽ ስትወጣ ቅርጫቱን ተቀበያት፤ ቀዩን ክር ቦርሳሽ ውስጥ ከትሽ ያዢ። የትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንዳሰርሽውም ጻፊልኝ።